ሰኔና ሰኞ በጓሯችን

«ሰኔና ሰኞ» የሚባል ነገር አለ። ሰኔ አንድ ቀን ሰኞ ከዋለ ዓመቱ አይበጅም ይላሉ ትልልቆቹ። እኛ እንዲህ ያለውን ወሬ ሰምተን የምንስቅ ነበርን። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ ሰው በቀን ቁጥር ይደነግጣል እንዴ? ባለፈው ዓመት ግን ሰኔ አንድ በየትኛውም ቀን ይዋል፣ ቦንጋ ባለው የእናታችን ጓሮ ውስጥ ሰኔና ሰኞ ገጠመ። ገጠመ ማለትም አይበቃም፤ ያገጣጠምነው እኛው ነን።

እኛ ስንል ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዳችን ጋዜጠኝነት፣ አንዳችን አካውንቲንግ ተምረን፣ ዲግሪያችንን በፕላስቲክ አስለብጠን፣ ሥራ እስኪገኝ ድረስ ብለን ቤት ገባን። ቁጭ ብሎ መብላት ሲያሳፍረን «እማዬ፣ ዘንድሮ ጓሮውን ለእኛ ተይልን» አልናት። እማዬ ደግ ናት። ተወችልን።

የካፋን ጓሮ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ እንንገረው። አበባና ሳር ብቻ ያለበት ቦታ አይምሰላችሁ። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ይቆማል። አጠገቡ ጎደሬ፣ በዛፉ ጥላ ቡና፣ እርጥብ በሆነው ጥግ ኮረሪማና ጥምዝ፣ ከማድቤቱ በር ፊት ለፊት ደግሞ ጎመንና ቃሪያ። ጎተራም ነው፣ ገበያም ነው፣ አንዳንዴም መድኃኒት ቤት ነው። አስቤዛ ያለቀ ቀን እማዬ የምትሄደው ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደዚያ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋታችን የቋንቋ ጥፋት ነበር። ዩቲዩብ ላይ አንዲት ፈረንጅ «ሰመር ሲገባ ለጓሯችሁ የምታደርጉት» ብላ ታስተምራለች። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴን እረፍት «ሰመር» እያልን ያደግን ነን። የእሷም ሰኔ፣ የእኛም ሰኔ! በችግኙ ዙሪያ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ አብጁ አለች፣ አበጀን። ጠዋትና ማታ አጠጡ አለች፣ አጠጣን። የእሷ ሰመር ፀሐይ የሚያቃጥልበት ወር መሆኑ ትዝ ያለን ሰው የለም። ካፋ ውስጥ ዝናቡ የሚጀምረው ገና በመጋቢት ነው፤ ሰኔ ሲደርስ መሬቱ ጠጥቶ ጠግቧል። በሦስተኛው ቀን የጎመን ችግኞቻችን ኩሬ ውስጥ ቆመው አገኘናቸው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችና «ልጆቼ፣ ዳክዬ ልታረቡ ነው እንዴ?» አለች። ሥሩ አየር አጥቶ በሰበሰ። ለካ በእኛ ክረምት መደብ ከፍ ይደረጋል፣ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ይቀደዳል እንጂ ጉድጓድ አይቆፈርም። የተረፈውን ጎመን ደግሞ ትኩስ እበት አልብሰን አቃጠልነው። እበት መጀመሪያ ይብላላል፣ ከዚያ ነው የሚበላው።

ሁለተኛው ጥፋት የቡና ነው። ዝናቡ ሲጸና የቡና ችግኝ ይተከላል። አሥራ ሁለት ችግኝ ከነፕላስቲኩ መሬት ውስጥ አስገባን። ለምን? ፈጥነን ለመጨረስ! እማዬ አንዱን ነቅላ አሳየችን። ፕላስቲኩ በምላጭ ተተርትሮ ይወልቃል፤ ዋናው ሥር ታጥፎ ከሆነ ጫፉ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ ይገባል። የታጠፈ ሥር ወዲያው አይናገርም። ዛፉ ሁለት ሦስት ዓመት ደህና መስሎ ያድጋል፤ ፍሬ መያዝ ሲጀምርና በጋው ሲጠና ግን ሥሩ ወደ ታች ወርዶ ውሃ መሳብ አይችልምና ይደርቃል። ይህን ስትነግረን እኛ ያሰብነው ሌላ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በዓለም ዜና ተነገረ። እኛም እንደሌላው ተማሪ ቲሸርት ለብሰን ወጥተን ተክለናል። ስንቱን ፕላስቲክ አወለቅን? ስንቱን ሥር አቃናን? ቁጥሩን ያወጀልን ሁሉ በሦስተኛው ዓመት የቆመውን ቢነግረን ዜናው ያኔ ዜና ይሆን ነበር።

እስከዚህ ያለው ያስቃል። ሦስተኛው ግን አያስቅም።

ሰኔ አጋማሽ ላይ እንግዳ ሊመጣ ሆነና እማዬ የኮባ ዳቦ ልትጋግር አሰበች። «ከእንሰቱ ቅጠል አምጡ፣ ያረጀውንም አያይዛችሁ አራግፉለት» አለችንና ገበያ ሄደች። የቤቱ ገጀራ ዱልዱም ነው። ከጎረቤት ስል ገጀራ ተዋስን። ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው እየዘለልን፣ እየዘፈንን፣ ጓሮውን ሙሉ አራገፍን። እማዬ ተመልሳ ጓሮው ወለል ብሎ ስታይ አመሰገነችን። ቀጥላ «ገጀራው የማን ነው?» አለች። ነገርናት። «በእሳት አሳልፋችሁታል?» አለች። ተያየን። ለምን በእሳት ይታለፋል? እማዬ ምንም አልመለሰችም፤ ዳቦውን ማቡካት ጀመረች።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአንዱ እንሰት የመሀል ቅጠል ገረጣና ጎነበሰ። ከዚያ ጎኑ ያለው። ከዚያ ሌላው። አንዱን ስንቆርጠው ከውስጡ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። ነሐሴ ሲጋመስ ዘጠኝ እንሰት ነቅለን ጉድጓድ ውስጥ ቀብረን ነበር። እንሰት እንደ ጎመን አይደለም፤ ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ይፈልጋል። ከዘጠኙ ስድስቱን እማዬ የተከለችው እኛ ዩኒቨርሲቲ በገባንበት ዓመት ነው። ዲግሪያችንና እንሰቱ እኩያሞች ነበሩ ማለት ነው። ዲግሪው እስካሁን ዳቦ አላበላንም፤ ሊያበላን የደረሰውን በአንድ ከሰዓት በገዛ እጃችን ጨረስነው።

በሽታው «አጠውልግ» ይባላል። ባክቴሪያ ነው። ከነሳይንሳዊ ስሙ ለዓለም ያስተዋወቁት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በእንሰት ላይ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1968፣ ሙዝንም እንደሚይዝ ያመለከቱት ደግሞ በ1974 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩጋንዳ ላይ ታየና ከዚያ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ሙዝ አዳረሰ። የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለውም። ከተክል ወደ ተክል በዋናነት የሚያሻግረው ደግሞ የሰው እጅ የያዘው ስለት ነው። የታመመ ቅጠል የበላ ከብት፣ ሥሩን የሚቆፍር ጃርትና ፍልፈልም ያዛምቱታል ይባላል። ዋናው ግን ገጀራችን ነው። መከላከያው ታዲያ ምን ያህል ከባድ ነው? ስለቱን ከአንድ እንሰት ወደ ሌላው ስትሻገሩ በእሳት ማሳለፍ፣ ወይም በረኪና ባለበት ውሃ መንከር። በቃ! ሃምሳ ዓመት ያለፈው እውቀት፣ አንድ ክብሪት የሚፈጅ ሥራ።

ታዲያ ለምን አላወቅንም? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ቦንጋ ተወልደን፣ ከእንሰት ሥር ተደብቀን ድብብቆሽ ተጫውተን፣ አሥራ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምረን፣ ስለ ባክቴሪያ ፈተና ወስደን፣ ገጀራ በእሳት እንደሚታለፍ የሰማነው ዘጠኝ እንሰት ከሞተ በኋላ ነው። የምታውቀዋ ሰው እማዬ ነበረች። እማዬን ግን ጠይቀናት አናውቅም። እሷም አልነገረችንም፤ ምክንያቱም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የነገረችን ነገር «አንቺ ተማሪ፣ ይኼን ለእኔ ተይው» የሚል ነው። ልጇን ከጓሮ ለማውጣት ነው ያስተማረችን። ወጣንላት። ስንመለስ ግን ፈረንጅ ጠየቅን እንጂ እሷን አልጠየቅንም።

እኛ ጋዜጠኛ ነን የምንለውስ? ስለ ካፋ ሲጻፍ ሁሌም ቡና ነው። ቡና ከካፋ ነው የተገኘው፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ደኑን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው፣ የጫካ ቡና ውጭ ተላከ። ይጻፍ፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን ወደ ሃያ ሚሊዮን የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ኑሮው በእንሰት ላይ ነው ይባላል። ስለ እንሰት በሽታ ዜና የሰማችሁት መቼ ነው? ቡና ይሸጣል፣ ዶላር ያመጣል፤ የወንድ ነው። እንሰት ይበላል፣ ጓሮ ይውላል፤ የሴት ነው። የሴት ሥራ ደግሞ ዜና አይሆንም። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን የሚለውን ትምህርት ስንማር ጓሮ የሚለውን «የት» ማንም አላስገባልንም።

አንድ የሚከብድ ነገርም አለ። ገጀራውን ያዋሱን እትዬ እሳቸውም ቀደም ብለው ሁለት እንሰት ሞቶባቸው ነበር። በዚያው ገጀራ ቆርጠው ጥለዋል። አልነገሩንም። ለምን እንዳልነገሩን ስንጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉና «ጓሮዋ ታመመ እንዳልባል ብዬ ነው ልጆቼ» አሉን። አልተቆጣንም። እኛም ዘጠኙን የቀበርነው ሲመሽ፣ ሰው እንዳያይ ነበርና። አጠውልግ መድኃኒት የለውም ያልነው ስለዚህ ነው። የእሳቸው ሐፍረት የእኛን ጓሮ ጨረሰ፤ የእኛ ሐፍረት ደግሞ የሌላውን ሊጨርስ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እማዬ ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራችና በሦስቱ ቡና መሀል ነገረቻቸው። ሌሎች ሁለት እናቶችም «የእኛም» አሉ። ያን ቀን እኛ ከሰማነው የዜና መግለጫ ሁሉ የሚበልጠውን መግለጫ ሰማን።

«ሥራ ያጣ ተመራቂ ጓሮ ገብቶ ፍልስፍና ጀመረ» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሥራ ብናገኝ ኖሮ ይህን አንጽፍም ነበር። ወጣቱ ሁሉ ወደ ጓሮ ይመለስ እያልንም አይደለም፤ ተምሮ ሥራ መጠየቅ መብት ነው፣ ጓሮ የሥራ አጥነት ማስታገሻ ሊሆን አይገባም። የምንለው ሌላ ነው። ቢሮ ብንገባም ባንገባም የምንበላው ከዚያ ጓሮ ነውና የሚያውቁትን ሰዎች እንጠይቅ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስለ በቆሎና ስለ ቡና ሲሰበስብ አባወራውን ብቻ አይጥራ፤ ገጀራውን የምትይዘዋን እማወራም ይጥራ። የአካባቢው ሬዲዮ በሰኔ መግቢያ አምስት ደቂቃ ለአጠውልግ ይስጥ። ትምህርት ቤትም ባክቴሪያን ሲያስተምር ከሩቅ አገር ምሳሌ ከሚያመጣ መስኮቱን ይክፈትና እንሰቱን ያሳይ።

እንግዲህ ዘንድሮም ሰኔ መጥቷል። እንሰቶቹ በሞቱበት ቦታ እማዬ ለጊዜው እንሰትም ሙዝም አትተክልም፤ ድንችና ጎመን ይዞታል። መደቡ ከፍ ያለ ነው፣ ቦይም አለው። ቡናዎቹ ያለ ፕላስቲክ ቆመዋል፤ ሥራቸው መቃናቱን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እናያለን። ገጀራችን ተስሏል፣ ምድጃው አጠገብ ተሰቅሏል። ሊዋስ የሚመጣ ሰው ሁሉ በእሳት አሳልፈን እንሰጠዋለን፤ ሲመልስልንም በእሳት እናሳልፈዋለን። በመጀመሪያው ሰሞን አንዳንዱ ተቀየመን። አሁን ለምደውታል።

ትልልቆቹ ስለ ሰኔ ሌላም አባባል አላቸው፤ «ሰኔ፣ ነግ በኔ»። ከሁለቱ ይኼኛው ይሻለናል። ዛሬ እትዬ ጓሮ፣ ነገ እኛ ጓሮ፣ ከነገ ወዲያ እናንተ ጓሮ። ስለዚህ እናታችሁን ጠይቁ፣ ገጀራችሁን በእሳት አሳልፉ፣ የታመመባችሁም ካለ አትደብቁ።

መልካም ክረምት!