ማሽኑ ቆሞ ብዕሩ ሲያመርት

የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ጥቂት ወራት ባለፉ ቁጥር ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም አንድ ዓይነት ዜማ ይይዛሉ። እገሌ የተባለ ፋብሪካ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር አተረፈ፣ እገሌ ኮርፖሬሽን ከዕቅዱ በላይ ሄደ፣ የእገሌ አክሲዮን ማኅበር ትርፍ ካምናው በእጥፍ አደገ። ሥራ አስኪያጁ ከረባታቸውን አስረው ይቀርባሉ፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ትርፉ ከየት መጣ? ማን፣ በምን ስሌት አሰላው? ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው።

እኔ ዛሬ የምለው ነገር አጭር ነው። ትርፍ እንደ ጤፍ በቁና ተሰፍሮ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ካዝና ውስጥ ያለ ጥሬ ብር ይቆጠራል፤ ትርፍ ግን ይወሰናል። የሚወሰነውም የፋብሪካው አለቆች በመረጡት የሂሳብ አያያዝ ፖሊሲና በያዙት ግምት ነው። ይህ ምርጫ የሚገለጠው ደግሞ በሂሳብ መግለጫው ፊት ለፊት ገጽ ላይ ሳይሆን ከኋላ በተቀመጡት፣ ማብራሪያ በሚባሉት፣ የሂሳብ ሰዎች “ኖት” በሚሏቸው ደቃቅ ጽሑፎች ውስጥ ነው። ትርፉን በአደባባይ እየለፈፈ ማብራሪያውን መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍ ድርጅት ግማሹን ብቻ ነው የነገረን። ግማሽ እውነት ደግሞ ምን እንደሆነ እናውቃለን።

“ይህ የሂሳብ ባለሙያ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን” የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ዕቁባችሁን አክሲዮን ልትገዙበት ያሰባችሁ እናንተ ናችሁ። ግብር የምትከፍሉትም እናንተው። ቦነስ የምትጠብቁ የፋብሪካ ሠራተኞችም እንዲሁ። ነገሩ ከባድ የሚመስለው ሆን ተብሎ እንዲከብድ ስለተደረገ ነው እንጂ አራት መደብ ሂሳብ የሚችል ሁሉ ይገባዋል።

እስቲ ከማሽኑ እንጀምር። አንድ ፋብሪካ በ100 ሚሊዮን ብር ማሽን ገዛ እንበል። ማሽኑ 10 ዓመት ያገለግላል ብሎ ከወሰነ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ብር የእርጅና ቅናሽ ወጪ ይይዛል። “የለም፣ 20 ዓመት ያገለግላል” ካለ ግን ወጪው 5 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ያው ማሽን፣ ያው ሠራተኛ፣ ያው ምርት፤ ትርፉ ግን በ5 ሚሊዮን ብር ከፍ አለ። አንድ ካርቶን ተጨማሪ ዕቃ አልተመረተም። የተንቀሳቀሰው ብዕር ነው። ማሽኑ በ10 ዓመቱ ወድቆ ሲቀር ግን ገና ያልተቀነሰው 50 ሚሊዮን ባንድ ጊዜ ዱብ ይላል። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ሹመት ላይ ናቸው።

ወደ መጋዘኑ እንግባ። የማካሮኒ ፋብሪካው መጀመሪያ 100 ኩንታል ስንዴ በ4,000 ብር፣ ቀጥሎ ሌላ 100 ኩንታል በ6,000 ብር ገዛ እንበል። ከዚህ ውስጥ 100 ኩንታሉን ፈጭቶ ምርቱን በ700,000 ብር ሸጠ። ነገሩ እንዲቀል የስንዴውን ወጪ ብቻ እንያዝ። “መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ” በሚለው ስሌት ወጪው 400,000 ብር ስለሆነ ትርፉ 300,000 ነው። በአማካይ ዋጋ ከተሰላ ወጪው 500,000፣ ትርፉም 200,000 ይሆናል። ሁለቱም ስሌት የተፈቀደ ነው፣ ሌብነት አይደለም። እንደኛ አገር የዋጋ ንረት በበረታበት ቦታ ግን የመጀመሪያው ስሌት ትርፉን ያሳብጠዋል። ፋብሪካው በዚያ ትርፍ ተማምኖ ለባለአክሲዮን አከፋፍሎ ሲያበቃ ስንዴ ልግዛ ብሎ ገበያ ሲወጣ ገንዘቡ አይበቃውም። የራሱን ሥጋ እየበላ ወፈርኩ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ብልሃት የአምራች ድርጅት ብቻ ነው፤ ነጋዴ አያውቀውም። ፋብሪካ ቢያመርትም ባያመርትም የማይቀር ወጪ አለበት። ኪራይ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ የመሐንዲስ ደመወዝ አለ። ይህ ወጪ በዓመት 10 ሚሊዮን ብር ነው፣ ፋብሪካው በደህና ጊዜ 100,000 ካርቶን ያመርታል እንበል። ለአንዱ ካርቶን 100 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ዘንድሮ ግን መለዋወጫ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ያመረተው 50,000 ካርቶን ብቻ ሆነ። ከዚያም 20,000ውን ሸጦ 30,000ው መጋዘን ቀረ።

ዓለም አቀፉ ደረጃ የሚለው ግልጽ ነው። ዕቃው ላይ የሚጫነው በደህናው ጊዜ አቅም የተሰላው 100 ብር ነው፤ ሥራ በመፍታት የባከነው 5 ሚሊዮን የዚያው ዓመት ወጪ ይሆናል። ብልጣ ብልጡ ግን 10 ሚሊዮኑን በሙሉ ለ50,000 ካርቶን አካፍሎ በአንዱ ላይ 200 ብር ይጭናል። በዚህ መንገድ መጋዘን የቀረው 30,000 ካርቶን 3 ሚሊዮን መሸከም ሲገባው 6 ሚሊዮን ይሸከማል። ሦስት ሚሊዮን ብር ኪሳራ “ሀብት” ተብሎ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ሥራ በፈታ ቁጥር ሀብታም የሚሆን ፋብሪካ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በወረቀት ላይ አለ።

አራተኛው ዱቤ ነው። ዕቃው መቼ ተሸጠ ይባላል? ገዢው ሲረከበው ነው ወይስ ገና ሲታዘዝ? ያልተከፈለው ዱቤስ እስከ መቼ “ይሰበሰባል” እየተባለ ይኖራል? አምስተኛው ደግሞ ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 10 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ የነበረበት ፋብሪካ 570 ሚሊዮን የነበረው ዕዳው ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ሆነበት። ደረጃው ልዩነቱ በዚያው ዓመት የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ ይውጣ ይላል። የአንዳንዱ ብዕር ግን ልዩነቱን ማሽኑ ዋጋ ላይ ደርቦ ለመደበቅ ይዳዳዋል። በዚያ ዓመት ብዙ የዶላር ዕዳ ተሸክሞ “አተረፍኩ” ያለ ድርጅት ካለ ማብራሪያውን ገልጦ ያሳየን።

ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ ነው እንዳትሉኝ። በአሜሪካ ሰንቢም የሚባል የቤት ዕቃ አምራች ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አል ደንላፕ የተባሉ ሠራተኛ በማባረር የታወቁ ሥራ አስኪያጅ ተሾሙ። በመጀመሪያው ዓመት ወጪውን ከልኩ በላይ አሳብጠው መጠባበቂያ ያዙ፤ በሁለተኛው ዓመት ያንኑ መጠባበቂያ እየፈቱ ትርፍ አስመሰሉት። የበጋ የጓሮ ሥጋ መጥበሻ ምድጃ በክረምት “ተሸጠ” ተባለ፤ ዕቃው ግን ከኩባንያው እጅ አልወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ኩባንያው 189 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ አወጀ። በኋላ የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2001 ባቀረበው ክስ ቢያንስ 60 ሚሊዮኑ በሂሳብ ማጭበርበር የመጣ ነው አለ። ደንላፕ እ.ኤ.አ. በ1998 ተባረሩ፤ በ2002 ጥፋቱን ሳያምኑም ሳይክዱም 500,000 ዶላር ከፍለው ዳግመኛ የሕዝብ ኩባንያ እንዳይመሩ ታገዱ። ኩባንያው ግን በ2001 መክሰሩን አስታውቆ ፍርድ ቤት ገብቶ ነበር። አክሲዮኑን አምነው የገዙት ሰዎችስ? ይብላኝ ለነሱ!

ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ የሆነው ስመ ጥር ኦዲተር እየፈረመ ነው። “ኦዲተር አይቶታል” የሚለው ቃል ብቻውን አያስተኛም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ዓለም አቀፉን የሂሳብ አቀራረብ ደረጃ እንድንከተል ታዟል፤ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቁሟል። የንግድ ሕጉ ባለአክሲዮን የሂሳብ መግለጫውንና የኦዲተሩን ሪፖርት የማየት መብት ይሰጠዋል። ደረጃውም ቢሆን ድርጅቱ የመረጠውን ፖሊሲ እንዲገልጥ፣ ፖሊሲውን ሲለውጥም ለምን እንደለወጠና ለውጡ ምን ያህል ብር እንዳመጣ እንዲናገር ያስገድዳል። በወረቀት ላይ ምን ይወጣልናል!

በተግባርስ? እኔ ስሙን በማልጠራው አንድ የአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ጥቂት አክሲዮን አለኝ። በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጄን አውጥቼ “የማሽኖቹ የአገልግሎት ዘመን ተለውጧል ወይ? ማብራሪያውን ብናየው” አልኩ። የመድረኩ ሰብሳቢ ፈገግ ብለው “ወንድሜ፣ ዝርዝሩ ቢሮ አለ፣ መጥተው ማየት ይችላሉ” አሉኝ። ደግ ነው ብዬ በሳምንቱ ቢሮ ሄድኩ። “ይሄ ለኦዲተርና ለቦርድ ብቻ ነው” ተባልኩ። የተሰጠኝ ባለቀለም መጽሔት ነው። የሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍ በአምስት ገጽ ላይ አለ፤ ማብራሪያው በአንዱም ላይ የለም። ገንዘቤን ሲቀበሉኝ ባለቤት ነህ አሉኝ፣ ሂሳቡን ስጠይቅ እንግዳ ሆንኩ።

የግሉ ይህ ከሆነ የመንግሥቱማ ምን ሊባል ነው? ሜቴክን እናስታውስ። በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም አገሪቱን በኢንዱስትሪ ያጥለቀልቃል ተባለ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ድርጅቱ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ ተናገሩ። በእጁ የነበረው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ሥራም ሳያልቅ ቀረ፤ ገበሬያችን ዛሬም ማዳበሪያ የሚጠብቀው ከባሕር ማዶ ነው። እኔ የምጠይቀው የሂሳብ ጥያቄ ነው። ያ ሁሉ ወጪ በየትኛው መዝገብ፣ በየትኛው መደብ ተቀምጦ ከረመ? “በግንባታ ላይ ያለ ሥራ” ተብሎ እንደ ሀብት ሲቆጠር ኖረ ወይስ በጊዜው ኪሳራ ተባለ? ያመረተው ነገር የሌለ ፋብሪካ በወረቀት ላይ ሀብት ሆኖ ከኖረ የዘገየው እርምጃ ብቻ አይደለም፤ የዘገየው እውነቱም ነው።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከባድ ዕዳ የተሸከሙ የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ድርጅቶቹ እንዲያንሰራሩ ይጠቅማል ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን ዕዳ ከመዝገብ ሲወጣ ወለዱም አብሮ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ድርጅቱ “ከኪሳራ ወደ ትርፍ ተሸጋገርኩ” ብሎ ሲፎክር ትርፉ ከምርት የመጣ ነው ወይስ ሸክሙ ወደኛ ጀርባ በመዛወሩ? መልሱ ያለው ማብራሪያው ውስጥ ነው። ማብራሪያው የት አለ? ዝም።

አሁን ጊዜው ሌላ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያውም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ተበስሯል። በዚያው ዓመት የኢትዮ ቴሌኮም አንድ አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲሸጥ አይተናል። ነገ ደግሞ የሲሚንቶው፣ የቢራው፣ የጨርቁ ተራ ይመጣል። ደላላው “ባለፈው ዓመት ይህን ያህል አትርፏል” ብሎ ሲመጣባችሁ እነዚህን ጠይቁት። የማሽኖቹ ዕድሜ ስንት ተብሎ ነው? ዘንድሮ ተለውጧል ወይ? የመጋዘኑ ዕቃ በምን ስሌት ተተመነ፣ ስንት ዓመትስ ተቀመጠ? ፋብሪካው ሥራ ፈትቶ የከረመበት ወጪ የት ገባ? ከሽያጩ ስንቱ ዱቤ ነው? የዶላሩ ዕዳስ? መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ።

ከባለሥልጣኖቹም የምንጠብቀው ተአምር አይደለም። ትርፍ በቴሌቪዥን የሚያውጅ ማንኛውም የሕዝብ ገንዘብ ያለበት አምራች ድርጅት በዚያው ቀን ሙሉውን የሂሳብ መግለጫ ከነማብራሪያው ማንም ሊያገኘው በሚችል ቦታ ያውጣ። የመንግሥቶቹ ይቅደሙ፤ ባለቤታቸው ሕዝብ ነው ተብለናልና ባለቤቱ ይየው። ቦርዱም የቀረበለትን መግለጫ ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ ከመደርደር አልፎ ፖሊሲያቸውን በየዓመቱ የሚገለባብጡትን በስም ያሳውቀን።

ይህን ማድረግ ወጪ የለውም። ወረቀቱ ተጽፏል፣ ኦዲተሩ ፈርሞበታል፣ የቀረው መሳቢያውን መክፈት ነው። የሚከፍት ከጠፋ ግን “አተረፍን” በተባልን ቁጥር ከማጨብጨባችን በፊት ማሽኑ ነው ያመረተው ወይስ ብዕሩ? ብለን እንጠይቅ። ቸር ያሰማን።