«የማይገድል» ያለው ሻጩ ነው፤ ሚዛኑ የታለ?

ሰሞኑን በኸሽም ኤል ቂርባ መጋዘን ያለን ነጋዴዎች ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬው አንድ ሆኗል። አንድ ደላላ «የማይገድል ጠመንጃ» ለዘበኞቻችን ሊያቀርብልን እየዞረ ነው። መልኩ እንደ ጠመንጃ ነው፤ የሚተኩሰው በታመቀ ጋዝ ሲሆን ጥይቱ ወይ የሚያቃጥል የበርበሬ ዱቄት የታጨቀበት ኳስ፣ ወይ ድፍን ላስቲክ ነው። ሰዎች ቀለም እየተኮሱ ከሚጫወቱበት መሣሪያ የመጣ ነው። ደላላው ሊያሳምነን የሰሊጥ ጆንያ ላይ ተኮሰ። ጆንያው አልተቀደደም። «አያችሁ?» አለ። አንዳንዶቻችን አጨበጨብን፤ ገንዘብ እናዋጣ የሚሉም ተነሱ።

እኔ አላዋጣም። ምክንያቴ አጭር ነው፦ ጆንያ ዓይን የለውም።

ወገኖቼ፣ እኛ እኮ ነጋዴዎች ነን። ገዳሪፍ የእህል ገበያ ገብቶ በሻጭ ቃል ብቻ ሰሊጥ የገዛ ማን አለ? ጆንያውን ወግተን ናሙና እናወጣለን፣ በመዳፋችን አፈሩን ከፍሬው እንለያለን፣ ከዚያ በምናምነው ሚዛን እናስመዝናለን። ለአንድ ኩንታል ሲምሲም ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ሰው ላይ የሚተኮስ ዕቃ ላይ ስንደርስ ምነው ጥንቃቄያችን ጠፋ?

መጀመሪያ ስሙን እንይ። ይህን ዓይነት መሣሪያ የተባበሩት መንግሥታትም፣ ብዙዎቹ አምራቾችም «ገዳይነቱ ያነሰ» ይሉታል። «የማይገድል» ያለው ደላላው ነው። «ውኃው ጥልቀቱ ያነሰ ነው» እና «አያሰምጥም» አንድ አይደሉም። አትባራን በክረምት የተሻገረ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ቁጥሩ። የጨዋታው የቀለም ኳስ ክብደት ወደ 3 ግራም ነው። የመጫወቻ ሜዳዎች በሰከንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ከሚፈጥን በላይ እንዳይተኮስ ይከለክላሉ። ይህ ሲሰላ 12 ጁል ገደማ ይመጣል። ለፖሊስ ተብሎ የተሠራው የቤልጂጉ ኤፍ ኤን 303 ግን 8.5 ግራም ገደማ የሚመዝን ጥይት ይተኩሳል፤ ጉልበቱም ከ30 ጁል ያልፋል። የምት ጉልበት የሚሰላው የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ጉልበቱ በ21 በመቶ ያድጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ በ12 ጁል የሚጫወቱት ሰዎች እንኳ ጭምብል ሳያጠልቁ ሜዳ አይገቡም። ሜዳውም ጨዋታው ሳይጀመር መሣሪያዎቹን በፍጥነት መለኪያ ይፈትሻል። ለጨዋታ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይደረጋል። እኛ ደግሞ ጭምብል በሌለው ሰው ላይ፣ በሌሊት፣ ሳንለካ ልንተኩስ ነው።

ሙቀቱስ? ርካሾቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። የጋዙ ግፊት በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ ነው፤ በ30 ዲግሪ ወደ 72 ባር ይወጣል፤ ከዚያ በላይም መጨመሩን አያቆምም። ጥሩ የግፊት መቆጣጠሪያ ያለው መሣሪያ ልዩነቱን ሊያጠበው ይችላል። የሌለው ግን ጠዋት የተኮሰውንና እኩለ ቀን የሚተኩሰውን አንድ አያደርግም። ቂርባ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ስትነድ የምናውቃት ነን። በቀዝቃዛ አገር ተለክቶ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር እዚህ ምን ዋስትና ይሆነናል? ኳሱም ቢሆን ቅርፊቱ በሙቀትና በእርጥበት ሲያብጥና ሲጣመም አቅጣጫ ይስታል። እግር አልሞ የተኮሰ ዘበኛ ፊት ሊመታ ይችላል።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004 ቦስተን ውስጥ ሕዝብ የቤዝቦል ድል ሲያከብር ፖሊስ በኤፍ ኤን 303 ተኩሶ አንዲት የ21 ዓመት ተማሪ ዓይኗ ላይ መታት። ሞተች። ከተማው ለቤተሰቧ 5.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በሰሜን አየርላንድ በላስቲክና በፕላስቲክ ጥይት 17 ሰው ሞቷል፤ ከመካከላቸው ሕፃናት አሉበት። እዚሁ ሱዳን ከኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የአስለቃሽ ጭስ ቆርቆሮ በቀጥታ ጭንቅላታቸውን መትቷቸው የሞቱ ሰልፈኞችን ሐኪሞች መዝግበዋል። እነዚህም ሁሉ «አይገድሉም» ተብለው የተገዙ ነበሩ።

የቺሊው ደግሞ ለነጋዴ የተጻፈ ትምህርት ነው። በ2019 በተነሳው ተቃውሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዓይን ተጎዳ። ፖሊስ «የላስቲክ እንክብል ነው» ይል ነበር። የቺሊ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ከቁስለኞች የወጣውን እንክብል መረመሩት። ላስቲኩ 20 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው 80 በመቶ ሲሊካ፣ ባሪየም ሰልፌትና እርሳስ ነበር። አፈር የተቀላቀለበት ሰሊጥ ማለት ይህ ነው። የተለየው ከሻጭም ከተኳሽም ያልሆነ ሰው ሚዛን ይዞ ስለመጣ ነው።

ለቂርባ ሰው ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መምህር አሕመድ አል ኸይር በ2019 መጀመሪያ ከዚህ ከተማ ተይዞ በደኅንነት እጅ ሳለ ሞተ። ቤተሰቡ እንደተናገረው በመጀመሪያ የተነገራቸው ተመርዞ ሞተ ተብሎ ነበር። ከቀናት በኋላ የመንግሥት ምርመራ በድብደባ መሞቱን አረጋገጠ፤ በዓመቱ መጨረሻም ከሃያ በላይ የደኅንነት አባላት ሞት ተፈረደባቸው። ዱላም እኮ «የማይገድል» መሣሪያ ነው። የመቺ ቃል ምስክር አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ክላሽ ይሻላል ወይ?» የሚለኝ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌባው ክላሽ ይዞ ሲመጣ እኛም በክላሽ ከመለስን ሬሳ መቁጠር ነው። ግን ክላሽ በሞላበት አካባቢ ጠመንጃ የሚመስል ነገር በጨለማ የደገነ ዘበኛ፣ ምላሹ ኳስ አይሆንም፤ እውነተኛ ጥይት ነው። የእኛው ገፊር ነው የሚሞተው። በሌላ በኩል «አይገድልም» የተባለ መሣሪያ ጣትን ያቀላል። ክላሽ የያዘ ዘበኛ ሁለት ጊዜ ያስባል። ይህን የያዘ ግን ማን ላይ ይተኩሳል? ከሎሪ ሥር የፈሰሰ ሰሊጥ የሚለቅሙ ልጆች ላይ፣ ክፍያው ዘግይቶበት ደጅ ላይ የጮኸ ተሸካሚ ላይ፣ ካምፕ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ስደተኛ ላይ። ከእነዚህ መካከል የስንቶቻችን ዘመድ እንዳለ አትርሱ።

መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ የገበያውን ወግ ጠብቁ። የጥይቱን ክብደት በእኛ ሚዛን እንለካ። ፍጥነቱን በመለኪያ፣ ጠዋትም እኩለ ቀንም፣ በሁለት ሜትርም በሠላሳ ሜትርም እንመርምር። ከሃያ ተኩስ ስንቱ ካለመበት እንደሚወጣ እንቁጠር። የተባበሩት መንግሥታት በ2020 ያወጣው መመሪያ ጭንቅላት፣ ፊትና አንገት አይታለም ይላል፤ ዘበኛው ይህን ተምሮ ይፈርም። ሰው ቢጎዳ ሕክምናውንና ካሳውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ደላላው ባለበት ይጻፍ።

ደላላው ይህን እሺ ካለ ቁጭ ብለን እንነጋገር። እምቢ ካለ ግን ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው። እስከዚያ ያዋጣነው ገንዘብ የመጋዘኑን አጥርና መብራት ያሠራልን። አጥርና መብራት የማንንም ልጅ ዓይን አያጠፉም።