ይሄ ቀን በማን አቆጣጠር ነው?

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ብስኩት ሲበላ አየሁት። ላስቲኩን ተቀብዬ ሳገላብጠው የማብቂያው ቀን «03/2024» ይላል። «ይሄ እኮ ጊዜው አልፏል» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቲቸር፣ እኛ ገና 2017 ላይ ነን፤ 7 ዓመት ይቀረዋል!»

መሳቅ አቃተኝ። ልጁ መቀነስ ያውቃል። 03/2024 በእኛ መጋቢት 2016 መሆኑን የነገረው ግን የለም።

ባለሱቁን ብጠይቀው «እኔም ከጅምላ እንዳመጣሁት ነው» አለኝ። ተቆጣጣሪስ? ይመጣል፤ በዓል ሲደርስ፣ ያውም ወሬው ቀድሞት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አይቶ ይሄዳል፤ ካርቶኑ ከጓዳ ተመልሶ ይወጣል።

ጊዜው ያለፈበት ምግብ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፤ አዋጅ 1112/2011 አለ። ታዲያ አዋጁ ለአዲስ አበባ ብቻ ነው እንዴ? ነፋስ መውጫ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ገበያ ውላ ለልጇ ብስኩት ይዛ የምትገባ እናት አይመለከታትም?

«ገበሬው መች ያነባል» የምትሉ፣ እስኪ መጀመሪያ እሱ በሚያውቀው ቀን ጻፉለት! የሚበላ ነገር ላይ ቀኑ በአማርኛ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። ተቆጣጣሪም በገበያ ቀን፣ ሳይነገር ይምጣ።

እስከዚያው ተማሪዎቼ፣ ለእናቶቻችሁ ይቺን አስተምሩልኝ፦ ከፈረንጁ ዓመት 8 ቀንሱ፤ ከ9ኛው ወር አጋማሽ እስከ 12ኛው ወር መጨረሻ ከሆነ ግን 7። ያለፈበት ካገኛችሁ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 ደውሉ፤ ነፃ ነው።

ሼር አድርጉት፤ የማንበብ ዕድል ላላገኙትም አንብቡላቸው።