አንደበት ለሌለው

ልጆች ሆይ፤ ግሬይሃውንድ የሚባለው ቀጭን ውሻ በሩጫ የታወቀ ነው፤ በአንድ ሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ይሮጣል። በእንግሊዝ አገር፥ በማንቸስተር ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ክብ የእሽቅድምድም ሜዳ ተከፈተለት። ሰዎችም በሩጫው ደስ አላቸው፤ እግሩ በተሰበረ ጊዜ ግን የሚጥለው ጌታ አለ። ይህ በእኔ አሳብ ታላቅ በደል ነው፤ በጕልበቱ የተጠቀመ ሰው ድካሙንም ሊሸከምለት ይገባል።

ነገር ግን ማዘን ብቻ አይበቃም፤ ማስተዋልም ያስፈልጋል። የዚህ ውሻ ስቡ ጥቂት ነው፤ አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒትም በሰውነቱ ብዙ ይቈያል። የደሙም ቀይ ክፍል ከሌሎች ውሾች ይበዛል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛውን በሽተኛ ነው ይላል። ሲያነክስም «ወለምታ ነው» ብሎ ማዘግየት አይገባም፤ የአጥንት ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ ባለቤቱ ያየውን ሁሉ፥ መቼ መብል እንደ ተወ፥ መቼም እንዳነከሰ፥ ለእንስሳት ሐኪም ይንገር፤ ያልገባውንም ሳያፍር ይጠይቅ፤ ሐኪሙም በትዕግሥት ይስማው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ውሻ ግን ዝም የሚለው አንደበት ስለሌለው ነው። እንግዲህ እኛ አንደበት እንሁነው።