«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የማን ሕግ ነው?

መርካቶም ሆነ ፒያሳ፣ ኤሌክትሮኒክስ ቤትም ሆነ ጫማ ቤት፣ አንዲት ወረቀት ከግድግዳ አትጠፋም፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለው። ደረሰኛቸው ላይ ሳይቀር የሚያትሟት ነጋዴዎች አሉ። ሸማቹም ከመልመዱ የተነሳ እንደ ሕግ ተቀብሏታል፤ ትናንት የገዛው ካውያ ዛሬ አልሞቅ ሲለው፣ ይዞት የሚመለሰው መብቱን ሊጠይቅ ሳይሆን ሊለማመጥ ነው።

ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እንደሚደነግገው፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ «ይለወጥልኝ» ወይም «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ማለት ይችላል። ነገሩ አዲስም አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ያደርገዋል፤ ጉድለቱን አውቆ የደበቀ ሻጭ ደግሞ ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገው ውል ቢፈራረም እንኳ አይጠቅመውም። ፊርማ ያላዳነውን ሰው የግድግዳ ወረቀት ሊያድነው አይችልም።

የነጋዴዎቹም መከራከሪያ ሊናቅ አይገባም። ለሠርግ ለብሶ ሰኞ የሚመልስ፣ ቻርጀሩን ራሱ አቃጥሎ «ስትሸጡልኝም እንዲህ ነበር» የሚል ገዢ አለ። አዋጁ ግን የሚናገረው ስለ ተበላሸ ዕቃ እንጂ ሐሳቡን ስለቀየረ ሰው አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን ሐሳቡን የቀየረ ገዢ ከሱቅ የገዛውን እንዲመልስ የሚያስገድድ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የለም፤ ብዙዎቹ መደብሮች የሚቀበሉት በራሳቸው ደንብ ነው። እዚህ የተደረገው ጥቂት አጭበርባሪዎችን ለመከላከል ሲባል የሁሉንም በር መዝጋት ነው።

ከወረቀቷ ጀርባ ያለው ዋናው ጥፋት ሻጭ የሚመዘንበት መንገድ ነው። «ጎበዝ ሻጭ» ሲባል የሚታሰበው አፈ ቅቤ የሆነ፣ ሱቅ የገባን ሰው ባዶ እጁን የማያስወጣ ነው። ኮሚሽን የሚታሰበው በተሸጠው ብዛት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ተበላሽቶ የመጣው ዕቃ ግን ከማንም ሂሳብ አይቀነስም። ባንኮኒ ላይ የቆመችው ልጅ ዕቃ የመለወጥ ሥልጣን የላትም፤ የገዢውን ቁጣ የምትቀበለው ግን እሷ ናት። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ አስቀምጧት «ኃላፊነት ይሰማሽ» የሚላት አሠሪ ያሳዝናል።

ብዛትን ብቻ መቁጠር የት እንደሚያደርስ በዌልስ ፋርጎ ታይቷል። ይህ የአሜሪካ ባንክ እያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት እንዲይዝ ግብ አስቀምጦ ሠራተኞቹን በኮታ ያስጨንቅ ነበር። ሠራተኞቹም ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሂሳብና ክሬዲት ካርድ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳዩ ይፋ ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ 5,300 ያህል ሠራተኞች መባረራቸው ተገለጠ፤ በ2020 ደግሞ ከመንግሥት ጋር ለመስማማት 3 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። እነዚያ ሠራተኞች በኮታው ሰሌዳ ላይ ሲታዩ «ጎበዝ ሻጮች» ነበሩ።

የተሻለው ሻጭነት ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። አምፖል የሚሸጥ ባለ ሱቅ ከማስረከቡ በፊት አብርቶ ያሳያል፤ ገዢውም እሱም ያርፋሉ። ምድጃ ላይ ሲደረስ ግን ይህ ልማድ ይቀራል። የቤቱ መስመር ምድጃውን ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ፣ ለስልኩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ከመማል ይልቅ ከየት እንደመጣና ዋስትና እንዳለው እንደሌለው የሚናገር ሻጭ ብርቅ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉት በዝተዋል፤ ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደ ሁኔታው ዋጋ መጥራት ያመቻቸዋል። አዋጁ ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍ የሚያዝዘው ይህን ለማስቀረት ነው።

ባለ ሱቆች ያቺን ወረቀት አውርደው በቦታዋ የ15 ቀኑን መብት ይለጥፉ። ኮሚሽንም 15ኛው ቀን ካለፈ በኋላ፣ ጉድለት ተገኝቶበት የተመለሰው ተቀንሶ ይታሰብ። ልዋጩን የሚወስነው ደግሞ ከኮሚሽኑ የማይቆረጥበት ሌላ ሰው ይሁን፤ አለበለዚያ ሻጯ የራሷን ገቢ ለማዳን ስትል ገዢውን መመለሷ አይቀርም።