ጀግንነት በቁጥር ይለካልን?

ሰውን በቁጥር መመዘን የመምህርነት ሥራዬ ነው፤ የቁጥርን ጉድለትም ከዚያው ተምሬአለሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 1916 ጀርመን ከፍተኛውን ኒሻኗን «ፑር ለ ሜሪት»ን ስምንት ስምንት አውሮፕላን ለጣሉት ለቦልከና ለኢመልማን ሸለመች። በዓመቱ ሪሽቶፈን ያንኑ ኒሻን ያገኘው 16 ከጣለ በኋላ ነው። የአየር ፍልሚያው ሲበዛ መስፈሪያው አደገ፤ ድፍረቱስ እጥፍ ሆነን?

ወደ እኛ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኦጋዴን ጦርነት በኤፍ-5 የተዋጉት አብራሪ ለገሠ ተፈራ ተማርከው 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ማቀቁ። በአየር ላይ የተጣለ ሚግ ይቆጠራል፤ እነዚያን ዓመታት ግን በየትኛው ሒሳብ እንቁጠራቸው? ኒሻን የወደቀውን ብረት ብቻ ሳይሆን የተከፈለውን ዋጋ ይመልከት እላለሁ። የሚቆጠረውን ብቻ የሚያከብር መንግሥት የማይቆጠረውን መሥዋዕትነት መዘንጋቱ አይቀርምና።