ከማህፀን የወጣ እጢ ሳይመረመር አይጣል

ማዮማ በብዙ ሴቶች ማህፀን ላይ የሚወጣ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው። ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ «ማዮማ አለብሽ» የተባለች ሴት ሁሉ እንቅልፍ ልታጣ አይገባም። ይሁን እንጂ ማዮማ መስሎ የሚደበቅ፣ ጥቂት ሴቶችን ብቻ የሚይዝ አደገኛ ካንሰር አለ። የማህፀን ሳርኮማ ይባላል።

ሁለቱም ከማህፀን ጡንቻ ሊነሱ ይችላሉ። ምልክታቸውም ይመሳሰላል፤ የደም መብዛት፣ የሆድ መነፋት፣ ከእምብርት በታች ህመም። አልትራሳውንድ እጢ መኖሩን ያሳያል እንጂ ሁለቱን በእርግጠኝነት አይለይም። ኤምአርአይ ጥርጣሬውን ሊያጠናክር ወይም ሊያቀለው ቢችልም የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም ለሌላ ዓላማ የሚደረግ ስለሆነ፣ በእሱ «ነፃ ነኝ» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ታዲያ መቼ እንጠርጥር? ማዮማ የሚያድገው በሴት ሆርሞን ስለሆነ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይኮማተራል። እርስዎ ወይም እናትዎ ካረጡ በኋላ እጢው ካደገ ወይም ደም ከታየ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ የማህፀን ሐኪም ያማክሩ። ከዚህ በፊት በዳሌ አካባቢ የጨረር ሕክምና የተደረገላት ወይም ታሞክሲፌን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደች ሴትም ይህንኑ ለሐኪሟ ትንገር።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ለማዮማ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 350 ሴቶች በአንዷ ላይ ያልተጠረጠረ ሳርኮማ ሊገኝ እንደሚችል ገምቶ ነበር። እጢውን በመሣሪያ ቆራርጦ በትንሽ ቀዳዳ ማውጣት ካንሰሩን በሆድ ውስጥ ሊበትነው እንደሚችልም አስጠንቅቋል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «እጢው የሚወጣው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቁርጡን የሚናገረው የፓቶሎጂ ምርመራ ነው። የወጣው እጢ ለአስታማሚ ተሰጥቶ «ላቦራቶሪ አድርሱ» ከተባለ፣ ድካሙንም ወጪውንም ፈርቶ መተው አይገባም። ቁስሉ ደረቀ ብሎ ውጤቱን ሳይቀበሉ መቅረትም ያው ነው። ሐኪሞችም ውጤቱን ሳያዩ ታካሚዋን «ድነሻል» ብለው ማሰናበት የለባቸውም።

«እጢው ወጣ፤ ተገላገልን» የሚባለው ወረቀቱ በእጅ ሲገባ ነው።